ከመስመር ወደ ገጽ፤ ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ሰነድ ያሳተሙበት መንገድ ታሪክ

ለጥንቱ ቁም ጸሐፊ ቃሉና የገጹ መልክ አንድ ሥራ ነበሩ። ብራናውን ወጥሮ፣ በወስፌ ነጥቦና አስምሮ፣ የዓምዱን ስፋትና የኅዳጉን ልክ ወስኖ ሲያበቃ ቃሉን የሚያሰፍረው ያው አንድ ሰው ነበር። የማተሚያ መኪና በመጣ ጊዜ ሥራው በደራሲው፣ በፊደል ለቃሚውና በአታሚው መካከል ተከፈለ፤ ሆኖም ገጹ በብዛት ከመታተሙ አስቀድሞ አንድ አራሚ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ አርሞ ያሳልፈው ነበር። ኮምፒዩተር በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠሩ ቼኮች፣ የክፍያ መጠየቂያዎችና ደብዳቤዎች ማተም ሲጀምር ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ ጥያቄ ተነሣ። ማንም ሰው አስቀድሞ የማያየውን ገጽ፣ መልኩን የሚያውቀው ማን ነው? ስሌቱን የሠራው ፕሮግራም ነውን? ማተሚያው ነውን? ወይስ በሁለቱ መካከል የቆመ ሌላ አካል?

ጥያቄው የቴክኒክ ብቻ አይደለም። የገንዘቡ ልክ በተሳሳተ ሣጥን ውስጥ ቢወድቅ፣ አንድ ቼክ ሁለት ጊዜ ቢታተም፣ ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ደንበኛ «የላካችሁልኝ ደብዳቤ ይህን አይልም» ብሎ ቢከራከር፣ ተጠያቂውን ለመለየት መልሱን ማወቅ ግድ ይሆናል። የታላላቅ ኮምፒዩተሮችና የማተሚያዎቻቸው ታሪክ፣ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠው መልስ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የብረት ፊደልና የወረቀት ቀለበት

በ1959 አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 1401 የተሰኘውን ኮምፒዩተር 1403 ከተባለው ማተሚያ ጋር ለገበያ አቀረበ። የዚህ ማተሚያ ፊደላት በብረት ተቀርጸው፣ ያለማቋረጥ በሚዞር ሰንሰለት ላይ በወረቀቱ ፊት በአግድም ይሮጡ ነበር። ከወረቀቱ ጀርባ በእያንዳንዱ የፊደል ቦታ ልክ አንድ አንድ መዶሻ ይቆማል፤ የተፈለገው ፊደል በቦታው ሲደርስ መዶሻው ወረቀቱን ከቀለም ጥብጣቡና ከፊደሉ ጋር ያጋጨዋል። በዚህ ዓይነት በአንድ መስመር እስከ 132 ፊደላት፣ በአንድ ደቂቃም 600 መስመሮች ይታተሙ ነበር። በኋላ የተሠራው የዚሁ ማተሚያ ዓይነት በደቂቃ 1,100 መስመር ደርሷል።

ሰንሰለቱ 240 ፊደላት ነበሩት። እነዚህ ግን ሁሉም የተለያዩ አልነበሩም፤ የላቲን ዓቢይ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን የያዘ የ48 ፊደላት ስብስብ አምስት ጊዜ የተደጋገመ ነበር። የፍጥነቱ ምሥጢርም በዚህ ድግግሞሽ ላይ ያረፈ ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲያይ አንድ ነገር ያስተውላል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ዘር ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይጨመሩ አንዱ ስብስብ ብቻ ሰንሰለቱን ይሞላዋል ማለት ነው። ድግግሞሽ ከሌለ ደግሞ ማተሚያው እያንዳንዱን ፊደል ለማግኘት የሚጠብቀው ጊዜ አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፊደል ከብረት እስካልተለየ ድረስ ፈጣኑ መስመር ማተሚያ በባሕርዩ ጥቂት ፊደላት ላሏቸው ጽሕፈቶች የተሠራ መሣሪያ ነበር።

ኮምፒዩተሩ ለዚህ ማተሚያ የሚልከው ገጽ ሳይሆን መስመር ነበር። በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ፣ የማትታተም አንዲት የመምሪያ ምልክት ትቀመጣለች። ባዶ ቦታ ከሆነች ወረቀቱ አንድ መስመር ይራመዳል፤ ዜሮ ከሆነች ሁለት መስመር፣ ሰረዝ ከሆነች ሦስት መስመር ይራመዳል። የመደመር ምልክት ከሆነች ወረቀቱ ሳይንቀሳቀስ በቀደመው መስመር ላይ ይደገምበታል፤ ቃልን ለማድመቅ ወይም ከሥሩ ለማስመር ያገለገለው ይህ ዘዴ ነው። አንድ ቁጥር ከሆነች ደግሞ ወረቀቱ ወደ አዲስ ቅጽ ራስ ይዘላል።

ነገር ግን የአዲሱ ቅጽ ራስ የት እንደ ሆነ ፕሮግራሙ አያውቅም ነበር። ያንን የሚያውቀው በማተሚያው ጎን የሚዞር የወረቀት ቀለበት ነው። የቀለበቱ ርዝመት ከቅጹ ርዝመት ጋር ተመጣጥኖ ይቆረጣል፤ በ12 መሥመሮቹም ላይ በየሚፈለገው ስፍራ ይበሳል። የመጀመሪያው መሥመር ቀዳዳ የቅጹን ራስ ያመለክታል፤ ሌሎቹ ቀዳዳዎች የአድራሻውን፣ የጠቅላላ ድምሩን ወይም የሌላውን ክፍል ቦታ ያመለክታሉ። ወረቀቱም ቢሆን ባዶ አልነበረም። የድርጅቱ ስም፣ ሠንጠረዡና ሣጥኖቹ በማተሚያ ቤት ቀደም ብለው የታተሙበት ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የገጹ መልክ በሦስት ስፍራ ተበታትኖ ይኖር ነበር ማለት ነው፤ ከፊሉ በፕሮግራሙ፣ ከፊሉ በወረቀት ቀለበቱ፣ ከፊሉ በማተሚያ ቤት በታተመው ቅጽ ላይ። ሦስቱን የሚያገናኛቸው በማሽን ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ኦፕሬተር ብቻ ነበር። ትክክለኛውን ቅጽ ከመጋዘን አውጥቶ መጫን፣ ትክክለኛውን ቀለበት መግጠም፣ ጥቂት የሙከራ ቅጾች አሳትሞ ቁጥሩ በሣጥኑ ውስጥ መዋሉን ማረጋገጥ የእርሱ ኃላፊነት ነበር። ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ቼኮች ሲሆኑ ደግሞ የተበላሹት ሁሉ ተቆጥረውና ተመዝግበው መመለስ ነበረባቸው። አሠራሩ አድካሚ ነበር፤ ሆኖም ስሕተት ሲፈጠር ተጠያቂውን ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም ነበር።

በመካከል የገባው ወረፋ

የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከማተሚያው ሳይሆን ከጊዜ ጥበት ነው። በደቂቃ 600 መስመር የሚያትም መኪና በሰከንድ የሚያትመው 10 መስመር ብቻ ነው። በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ኮምፒዩተሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ስሌት መሥራት ይችላል። እጅግ ውድ የሆነው ኮምፒዩተር ማተሚያውን ቆሞ እንዳይጠብቅ ለማድረግ፣ እንደ አይ ቢ ኤም 7090 ያሉት ትላልቅ ኮምፒዩተሮች ውጤታቸውን በማግኔት ክር ላይ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ክሩም ወደ አነስተኛው 1401 ተወስዶ በእርሱ በኩል ይታተም ነበር።

በ1960ዎቹ ዓመታት በሂዩስተን ከተማ በናሳ የጠፈር በረራ ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ቶም ሲምሰንና ቦብ ክራብትሪ የተባሉ የአይ ቢ ኤም ባለሙያዎች፣ ሲስተም 360 ለተባሉት ኮምፒዩተሮች ሃስፕ የተሰኘውን ሥርዓት ሠሩ። ሃስፕ የየፕሮግራሙን መስመሮች ከነመምሪያ ምልክታቸው ተቀብሎ በዲስክ ላይ ያከማቻል፤ ማተሚያው ባዶ በሆነ ጊዜም በወረፋቸው ያወጣቸዋል። ስፑል የሚለው ቃል በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ነው። ከሃስፕ የተወለደው ጄስ 2 የተባለው ሥርዓት ዛሬም በአይ ቢ ኤም ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህንኑ ተግባር ያከናውናል።

የወረፋው መምጣት በመጀመሪያ ሲታይ ጊዜ ቆጣቢ ዘዴ ብቻ ይመስላል። ነገሩ ግን ከዚያ ይልቃል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ሲሰናበት አንድም ወረቀት አልታተመም። ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ በየትኛው ቅጽ ላይ እንደሚታተም፣ የትኛው እንደሚቀድም የሚወሰነው ከፕሮግራሙ ውጭ፣ ለሥራው በተጻፈው የትእዛዝ ካርድ ነው። ጽሑፉን የፈጠረውና ጽሑፉን የሚያሳትመው ተለያዩ። ወረፋው መስመርን ያውቃል፤ ገጽን ግን ገና አያውቅም። ወረቀት ቢቀደድ ኦፕሬተሩ ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ እንዲመለስ ያዘዋል፤ ስንት ገጽ እንደሚመለስ ግን በግምት ነበር። ከሚገባው በላይ ቢመልስ ሰነድ ይደገማል፤ ቢያሳንስ ይጎድላል።

በ1970 ከሲስተም 370 ጋር የቀረበው 3211 ማተሚያ በደቂቃ 2,000 መስመር ያትም ነበር። የወረቀት ቀለበቱንም አስቀረው፤ የቅጹን ልክ የሚገልጸው ሰንጠረዥ ከኮምፒዩተሩ ወደ ማተሚያው ማኅደር እንዲላክ ሆነ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ቢሆንም በመቀስ ይቆረጥ፣ በእጅ ይበሳ የነበረው የቅጽ ልክ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እንደ ማንኛውም መረጃ በዲስክ የሚቀመጥና በስሙ የሚጠራ ነገር ሆነ።

ብርሃን በመዶሻ ፈንታ

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ ከሌላ መንገድ የመጣ ነው። ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ቼስተር ካርልሰን በኒው ዮርክ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር፣ በኤሌክትሪክ ሙል ኃይልና በዱቄት አማካይነት የመጀመሪያውን ደረቅ ቅጂ አተመ። ይህ ግኝት ከብዙ ድካም በኋላ በ1959 ዜሮክስ 914 የተባለውን የማባዣ መኪና አስገኘ። በ1971 ደግሞ ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለ የዜሮክስ መሐንዲስ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል፣ ከሚገለበጠው ወረቀት ፈንታ የሌዘር ጨረር በከበሮው ላይ እንዲጽፍ አደረገ። የሌዘር ማተሚያ በዚህ ዓይነት ተወለደ።

በገበያ ላይ ቀድሞ የዋለው ግን የአይ ቢ ኤም 3800 ነው። በ1975 ይፋ ሆኖ፣ በ1976 በሚልዎኪ ከተማ በኤፍ ደብልዩ ዉልዎርዝ ኩባንያ የሂሳብ ማዕከል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተከለ። የሌዘሩን ጨረር የሚያንጸባርቀው 18 ጎን ያለው መስተዋት በደቂቃ 12,000 ጊዜ ይሽከረከር ነበር፤ የማተም ፍጥነቱም በደቂቃ ወደ 20,000 መስመር ይጠጋ ነበር። በ1977 ዜሮክስ 9700 የተባለውን አቀረበ፤ ይህም በተቆረጠ ወረቀት ላይ በደቂቃ 120 ገጽ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እያደረገ ያትም ነበር።

አሁን ፊደል ብረት መሆኑ ቀረ። ፊደል ማለት ከኮምፒዩተሩ የሚላክ የነጥቦች ሥዕል ሆነ። የላቲንም ሆነ የግእዝ፣ የዐረብም ሆነ የቻይና ፊደል ከመኪናው አንጻር ልዩነታቸው የቁጥርና የመጠን ብቻ ሆነ። እርግጥ የ3800 የፊደል ማኅደሮች እያንዳንዳቸው 64 ፊደላት የሚይዙ፣ ቢበዛም አራት ብቻ ነበሩ፤ ጠባብነቱ ወዲያው አልተወገደም። ፊደላችን በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ቢሆንም መሠረታዊው እንቅፋት፣ ፊደልን በብረት የመቅረጽ ግዴታ፣ የተነሣው በዚህ ዘመን ነው።

የሚያስደንቀው ግን አሮጌው ልማድ በአዲሱ መኪና ውስጥ መቀጠሉ ነው። ድርጅቶች በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ጽፈው ነበር፤ ሁሉም መስመርና አንዲት የመምሪያ ምልክት የሚልኩ ናቸው። ስለዚህ 3800 መዶሻም ሰንሰለትም ሳይኖረው እንደ 1403 ትእዛዝ መቀበል ነበረበት። የተጨመረለት ነገር ቢኖር፣ ከመምሪያዋ ምልክት ቀጥላ የምትመጣ ሌላ አንዲት ምልክት ናት፤ እርስዋም ይህ መስመር ከአራቱ የፊደል ዓይነቶች በየትኛው እንደሚታተም ትናገራለች። ቀድሞ የታተመውን ቅጽ ለመተካት ደግሞ የቅጹ ምስል በፊልም ይዘጋጃል፤ ኦፕሬተሩ ፊልሙን በማተሚያው ውስጥ ሲያስገባ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በብርሃን ብልጭታ ይተላለፋል። መዶሻ ባለመኖሩ በካርቦን ወረቀት ብዙ ቅጂ ማውጣት ስለማይቻልም፣ ቅጂዎቹ ተራ በተራ ይታተማሉ፤ አንዱ ለደንበኛው፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት የሚል ልዩ ልዩ ጽሑፍም ይታከልባቸዋል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ልዩ ልዩ መልሶች ጎን ለጎን ቆሙ። ዜሮክስ የገጹን ዕውቀት በማተሚያው ውስጥ አኖረው። 9700 የራሱ አነስተኛ ኮምፒዩተርና ዲስክ ስለነበረው ቅጾቹና ፊደላቱ እዚያው ይቀመጡ ነበር፤ ከታላቁ ኮምፒዩተር የሚመጣው መረጃ በመካከሉ ልዩ የትእዛዝ መስመር ጣል በማድረግ «ከዚህ ገጽ ጀምሮ ይህን ቅጽ ተጠቀም» ይለዋል። አይ ቢ ኤም ግን ዕውቀቱን በታላቁ ኮምፒዩተር ዘንድ ማቆየት መረጠ። የመጀመሪያው መንገድ ኮምፒዩተሩን ከሸክም ያሳርፋል፤ ነገር ግን በአምስት ማተሚያ ላይ አምስት የቅጽ ቅጂ ስለሚኖር አንዱ ሳይታደስ ቢቀር ከአንድ መረጃ ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ይወጣል። ሁለተኛው መንገድ ቅጹን በአንድ ስፍራ ይጠብቃል፤ ዋጋው ግን በየሥራው ብዙ መረጃ ወደ ማተሚያው መላክ ነው።

ገጽ ራሱ መረጃ ሲሆን

በ1980ዎቹ ዓመታት አይ ቢ ኤም አድቫንስድ ፋንክሽን ፕሪንቲንግ፣ በአጭሩ ኤ ኤፍ ፒ፣ ብሎ የሰየመውን ሥርዓት አቋቋመ። የሥርዓቱ ዋና ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ እንደ ቀድሞው መስመሮቹን ይልካል። የገጽ መግለጫ የተባለ ሌላ ሰነድ እያንዳንዱ መስመር በገጹ ላይ የት እንደሚያርፍ፣ በየትኛው ፊደል እንደሚታተም ይደነግጋል። የቅጽ መግለጫ የተባለው ደግሞ ስለ ወረቀቱ ይደነግጋል፤ ከየትኛው ሣጥን እንደሚወሰድ፣ በአንድ ወይም በሁለት ገጹ እንደሚታተም፣ ስንት ቅጂ እንደሚወጣና ከሥሩ የትኛው ተደራቢ ቅጽ እንደሚሆን ይገልጻል። ተደራቢ ቅጾች፣ የፊደል ዓይነቶች፣ የድርጅት ዓርማና የፊርማ ምስሎች እያንዳንዳቸው በስማቸው በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ። በወረፋውና በማተሚያው መካከል የቆመ ፕሮግራም፣ ፕሪንት ሰርቪስስ ፋሲሊቲ የተባለው፣ እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ ገጹን ያዘጋጃል። በዚህ ዘዴ በ1960ዎቹ የተጻፈ የደመወዝ ፕሮግራም አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት፣ ዓርማና ልዩ ልዩ ፊደል ያለው ሰነድ ማውጣት ይችላል።

ከዚህ ሌላ፣ ገጹን በሙሉ አስቀድሞ አቀናብሮ መላክም ይቻላል። እንዲህ ባለው ሰነድ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መግቢያ አለው፤ «ሰነድ ተጀመረ»፣ «ገጽ ተጀመረ»፣ «ገጽ አበቃ» ይላል። ቦታዎች የሚለኩት በመስመርና በዓምድ ሳይሆን፣ ኢንች እስከ 1,440 ክፍል ተከፍሎ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የእነዚህ መግቢያዎች የመጀመሪያዋ ባይት ናት። በአሜሪካው የአይ ቢ ኤም የፊደል ኮድ ቃለ አጋኖን የምትወክለው ይህች ባይት የተቀመጠችው የቀድሞዋ የመምሪያ ምልክት በነበረችበት በዚያችው ስፍራ ነው። የሚቀበለው ፕሮግራም ያችን አንዲት ቦታ አይቶ፣ የመጣው አሮጌ መስመር ይሁን የተቀናበረ ገጽ ይለያል። 1403ን ያንቀሳቅስ የነበረው ዓምድ ከመኪናው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ።

ሌላው መሻሻል በማተሚያውና በኮምፒዩተሩ መካከል የተጀመረው ምልልስ ነው። አይ ፒ ዲ ኤስ በተባለው የአነጋገር ሥርዓት ማተሚያው ትእዛዝ ተቀባይ ብቻ አይደለም፤ መልስ ይሰጣል። የትኛውን ገጽ እንደ ተቀበለ፣ የትኛው ታትሞ ከመኪናው እንደ ወጣ በቆጠራ ያሳውቃል። ወረቀት ቢታነቅ ኮምፒዩተሩ በደኅና የወጣውን የመጨረሻ ገጽ ስለሚያውቅ ከቀጣዩ ይጀምራል። በ1984 አዶቢ የተባለው ኩባንያ ያቀረበው ፖስትስክሪፕት ገጽን እንደ ፕሮግራም የሚገልጽ ድንቅ ቋንቋ ነው፤ ለጠረጴዛ ማተሚያም እጅግ ተስማምቷል። ነገር ግን አንድ ገጽ ለመሳል የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ አይታወቅም፤ በደቂቃ በመቶ የሚቆጠር ገጽ የሚያወጣ መኪና ደግሞ መቆም አይችልም። ታላላቆቹ ኮምፒዩተሮች የራሳቸውን መንገድ የያዙት ለዚህ ነው፤ እነርሱን ያስጨነቃቸው የገጹ ውበት ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜም ብቻ መታተሙ ነው።

የቀረው ጥያቄ

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የመነሻው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ ተመለሰ። ቅጹ በማተሚያ ቤት የታተመ ወረቀት በነበረ ጊዜ ጥበቃው በመጋዘን ቁልፍና በቆጠራ መዝገብ ነበር። ቅጹ፣ ዓርማውና ፊርማው በዲስክ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው፤ የቼክን መልክ መለወጥ የሚችለው የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ሳይሆን፣ ተደራቢ ቅጹን ለማረም የተፈቀደለት ሰው ነው። ባዶ ወረቀትን መቁጠር ትርጉም አጣ፤ የፋይል ፈቃድንና የለውጥ መዝገብን መቆጣጠር ደግሞ የግድ ሆነ። ይህን ለውጥ በጊዜው ያላስተዋለ ተቆጣጣሪ ክፍል ባዶውን መጋዘን ሲጠብቅ ይኖራል።

ሁለተኛው ችግር የመዝገብ ነው። ፕሮግራሙ የላካቸው መስመሮች ብቻቸውን ቢቀመጡ የቁጥርና የስም ክምር ናቸው። ደብዳቤውን ደብዳቤ ያደረገው በዚያ ቀን የነበረው የገጽ መግለጫ፣ ተደራቢ ቅጽና ፊደል ነው። በተደራቢው ቅጽ ላይ የሰፈረው የውል አንቀጽ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢለወጥና አሮጌው መረጃ በአዲሱ ቅጽ ቢታተም፣ ደንበኛው ፈጽሞ ያልተቀበለው ደብዳቤ እንደ ጥንቱ ሆኖ ይወጣል። ማንም ሳይዋሽ ሐሰተኛ ሰነድ ተፈጠረ ማለት ነው። ጽሑፍንና መልክን መለየት ያተረፈው ቅልጥፍና ይህን ዕዳ ይዞ መጥቷል።

የሥርዓቱ ባለቤትነትም ተለውጧል። አይ ቢ ኤም በ2007 የማተሚያ ክፍሉን ከጃፓኑ ሪኮ ኩባንያ ጋር በጋራ ወደ ተቋቋመ ድርጅት አዛወረ፤ የኤ ኤፍ ፒ ደንቦችም በብዙ ኩባንያዎች ኅብረት የሚጠበቁ ሆኑ። በ2015 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥሩ 18565 የሆነውን ደረጃ ያወጣው ለመዝገብ ለሚቀመጡ የኤ ኤፍ ፒ ሰነዶች ነው። የደረጃው ዓላማ ሰነዱ ለመታየት የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ ፊደሉንና ተደራቢ ቅጹን ጨምሮ፣ አብሮ ይዞ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ከ1959 ጀምሮ የገጹ ዕውቀት ከኦፕሬተሩ እጅ ወደ ሰንጠረዥ፣ ከሰንጠረዥ ወደ ማተሚያው ዲስክ፣ ከዚያም ወደ ቤተ መጻሕፍት ተሸጋግሯል። በእያንዳንዱ ሽግግር ሥራው ፈጥኗል፤ ኃላፊነቱን የሚሸከመው ሰው ግን ከወረቀቱ እየራቀ ሄዷል። ሰነድ በሚታተምበት ቅጽበት ከብዙ ስፍራ ተሰብስቦ የሚፈጠር ነገር ከሆነ፣ ሰነድን መጠበቅ ማለትም የታተመውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የተፈጠረባቸውን ክፍሎች ሁሉ ከነቀናቸው መጠበቅ ነው። ለመስመሮቹ ብቻ ማኅደር ያዘጋጀ ድርጅት ግማሹን ሰነድ ጥሎ ግማሹን አስቀምጧል።